ከልጆች ጋር ቅቤ መናጥ፦ አንድ ሰዓት ነቀነቅን፣ ቅቤው ግን አልወጣም

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅና ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ሽሮው ላይ ቅቤ ጠብ ሳደርግ ልጄ ቅቤ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ከገበያ ነው አልኳት። መልሱ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። እኔ በእሷ ዕድሜ ወገራ፣ አያቴ ቤት፣ የቅሉን አንገት ይዤ እንጥ ነበር። የእኔ ልጅ ግን ቅቤ እንደ ሽንኩርት ከገበያ የሚለቀም ይመስላታል።

ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም አስቀምጬ ሞከርን። አንድ ሊትር የታሸገ ወተት ከሱቅ ገዛሁ፤ ክዳኑ የሚጠብቅ ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ እስከ ግማሹ ሞላሁና ተራ በተራ ነቀነቅን። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። አረፋ ብቻ። ትንሹ እጄን አመመኝ ብሎ አለቀሰ። ትልቋ ምንም አላለችም፤ ብልቃጡን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም።

የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ከትናንሽ ልጆች ጋር ቤት ውስጥ ቅቤ ንጣችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ ወተቱን ከየት እንዳመጣችሁ፣ በምን ዕቃ እንደናጣችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ ንገሩኝ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም፤ ሳያልቅ መድገም እፈልጋለሁ።

ኋላ የተጨመረ፦ የውይይቱ ክር በጣም ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ከሚያነብ ብዬ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም አልደበቅኩም።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ልጆቼን መርቆ፣ ጥፋቱ የወተቱ እንጂ የልጆቹ ክንድ አለመሆኑን ነግሮኝ ሄደ። ምክንያቱን ባይነግረኝም ልቤን ቀለል አድርጎልኛል።

መልስ 2

ምክንያቱን ያስረዱት የምግብ ሳይንስ መምህር ነኝ ያሉ ሰው ናቸው። በጥሬ ወተት ውስጥ ቅባቱ የሚገኘው እያንዳንዳቸው በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ጥቃቅን እንክብሎች ሆኖ ነው፤ በአንድ ጠብታ ውስጥ ብቻ በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራሉ። ወተቱ ሲናጥ እንክብሎቹ ይጋጫሉ፣ ሽፋናቸው ይቀደዳል፣ ቅባት ከቅባት ጋር ይጣበቃል። ቅቤ የሚባለው ይህ ነው። የእኔን የመሰለው የታሸገ ወተት ግን ስልባቦት እንዳይሠራ ተብሎ ፋብሪካ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል። እንክብሎቹ ከመጀመሪያው መጠናቸው በብዙ እጥፍ ያንሳሉ፣ አዲስ የፕሮቲን ልብስም ይደርባሉ። ከዚያ በኋላ በልጅ እጅ ቀርቶ በጎልማሳ ክንድም አይጣበቁም። እኔና ልጆቼ ያንን ሁሉ ጊዜ የደከምነው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚባለው ነበር።

መልስ 3

በካናዳ የምትኖር የጎንደር ልጅ ነገሩ ይህን ያህል እንደማያስጨንቅ ጻፈች። እሷ 35 በመቶ ቅባት ያለው ክሬም ከሱቅ ገዝታ፣ ለብ ያለ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ አድርጋ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር በብልቃጥ ትነቀንቃለች። ክሬሙ መጀመሪያ ያብጥና ድምፁ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ልጆች ተበላሸ ብለው ሊተዉት ይፈልጋሉ፤ መተው አይገባም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በድንገት ይከፈልና ቅቤው እንደ ጓል፣ ውሃው ለብቻው ሆኖ ይገኛል። በጠቅላላው ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም ብላለች። የሦስት ዓመት ልጅ ትዕግሥት ከዚያ በላይ እንደማይዘልቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምክሯ ቁም ነገር አለው።

መልስ 4

ይህኛው በጨዋነት ጀምሮ መጨረሻው ላይ ኮረኮረ። ጎንደር ውስጥ ክሬም የሚሸጥ ሱቅ በየሰፈሩ እንዳለ አድርጎ መናገር የአገሩን ነገር መርሳት ነው አለ። ቀጥሎም ከጣፋጭ ክሬም የወጣ ቅቤ ከእርጎ ከተናጠው ጋር አንድ እንዳልሆነ አስረዳ። የእኛ ቅቤ መዓዛውን የሚያገኘው ወተቱ ሲረጋ፣ ኮምጠጥ ሲል ነው፤ ሲነጠርም ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱና ከአብሹ ጋር ቤቱን በሽታ የሚሞላው ለዚያ ነው። በዚህ እስማማለሁ። የካናዳዋን እህት ግን አገሯን ረሳች ማለቱ አልተገባም። ከልጆቿ ጋር ቁጭ ብላ ቅቤ የምታወጣ ሰው ምኑን ረሳችው?

መልስ 5

ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። የጻፈው አምባ ጊዮርጊስ ያሉ ሴት አያቱ አጠገብ ተቀምጦ እሳቸው የሚሉትን የሚመዘግብ ወጣት ነው።

አያትየዋ የሚጀምሩት ከዕቃው ነው። አዲስ ቅል መራራ ስለሆነ ውሃ እየቀያየሩ ብዙ ቀን መዘፍዘፍ፣ ከዚያም ወተት እያስገቡ መድፋት አለ፤ ስለዚህ ለልጅ የሚናጥበት ቅል የቆየ፣ የተገራ ይሁን ይላሉ። ቅሉ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በወይራ ይታጠናል። የጋመ የወይራ ስንጣሪ ውስጡ ይገባና አፉ ይያዛል፣ ቅሉ ይገላበጣል፣ ጢሱ ከታፈነ በኋላ ፍሙና አመዱ ተራግፎ ይወጣል። ጢሱ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ወተቱን ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቀዋል። ልጆች ይህን ከሩቅ ቆመው ያያሉ እንጂ ፍም አይነኩም።

ወተቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ተጠራቅሞ ይረጋል። ቅሉ ከግማሹ ብዙ አይለፍ፤ የሚላጋበት ቦታ ያጣ ወተት ቅቤ አይሰጥም። መክደኛው አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በስንጥር ትደፈናለች፤ እየናጡ አልፎ አልፎ ስንጥሯን መንቀል፣ የታመቀውን አየር ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ስንጥሯ ስትወጣ ጫፏ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የተለጠፈ ነገር ከታየ ቅቤው እየመጣ ነው።

ድምፁን ግን እንዲህ ነው ያሉት። መጀመሪያ እርጎው ወፍራም ስለሆነ ቅሉ ውስጥ በዝግታ ይንሻለላል። ከዚያ ቀጠን ይልና እንቦጭ እንቦጭ ይላል። በመጨረሻ ቅሉ ድንገት ይከብዳል፣ ድምፁ ይሰበራል፤ አንድ ነገር ከውስጥ ሆኖ ግድግዳውን በጡጫ የሚመታ ይመስላል። አያትየዋ በልጅነታቸው እናታቸው ዓይናቸውን አስጨፍነው በጆሮ ብቻ እንዲለዩ ያደርጓቸው ነበር። ይህን ሳነብ የአያቴ ቤት የጭቃ መደብ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ያን ድምፅ ለካ እኔም አውቀዋለሁ፤ ስሙን የሚነግረኝ ሰው ነበር ያጣሁት።

መልስ 6

አንድ ሰው ወደ መልስ 5 ተመልሶ አንድ ነገር አረመ፤ እርማቱ ትክክል ነው። አምባ ጊዮርጊስ ደጋ ነው፣ አዘዞ ግን ከጎንደር ከተማም ዝቅ ይላል፤ በግንቦት ሙቀት እዚህ ወተት ለመርጋት ሦስት ቀን አያስፈልገውም። ቀን ላይ ከተናጠም ቅቤው ይቀልጥና ከአሬራው አልለይ ይላል። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከርር፣ ቅሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ናጡ፤ ብርድ በሆነበት ቀን ደግሞ በተቃራኒው ለብ ባለ ውሃ እጠቡት የሚል ምክር ጨምሯል።

መልስ 7

የጤና ባለሙያ ነኝ ያለች እህት ሁላችንም የዘነጋነውን አነሳች፦ ጥሬ ወተት ለትናንሽ ልጆች አደገኛ ነው። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በወተት ይተላለፋሉ፤ መርጋቱና መኮምጠጡም ጀርሞቹን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። ልጆቹ እየናጡ ጣታቸውን መላሳቸው፣ አሬራውንም መጠጣታቸው ስለማይቀር ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ አለች። አነጋገሯ ለስላሳ ነበር፤ ማንንም አልወቀሰችም።

መልስ 8

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ሰው በቁጣ ገባ። አባቶቻችን ከጡት ሥር ሞቅ ያለውን ጠጥተው ጋሻ አንግበው ዘምተዋል፤ ወተት ማፍላት የፈሪ ትምህርት ነው፤ የፈላ ወተት ደግሞ ቅቤ አይወጣውም የሚል ነበር። በሕፃናት ጤና ላይ እንዲህ መናገር አሳዝኖኛል።

መልስ 9

መልሱ ከባድ ነበር፤ የመጣውም ከታመመ ሰው ነው። ይህ ወንድም የደንቢያ ልጅ ነው። ለወራት እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ሲያሠቃየው ወባ ነው እየተባለ ሲታከም ቆይቶ፣ በመጨረሻ ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ስድስት ሳምንት ሙሉ ዋጠ። መልስ 8ን የጻፈው ሰው የዘመቱትን ብቻ ቆጥሮ አልጋ ላይ የቀሩትን እንዳልቆጠረ በቀጥታ ነገረው። መልስ 8 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 10

የምግብ ሳይንስ መምህሩ ተመልሰው መጡና የፈላ ወተት ቅቤ አይወጣውም የተባለውን አስተካከሉ። ይወጣዋል፤ የራሱ አርጊ ተዋሕስያን ስለሞቱ ግን ብቻውን በደህና አይረጋም፣ እርሾ ይፈልጋል። ጎንደር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ወተት ከጀርም ለማጽዳት ከሚያስፈልገው፣ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ከሚባለው፣ እጅግ ይበልጣል። ወተቱ አንድ ጊዜ ገንፍሎ ከወረደ በኋላ ለብ እስኪል ይቆይና ለእያንዳንዱ ሊትር ሁለት ማንኪያ ደህና እርጎ ይደባለቅበታል። ስልባቦቱ አይጣልም፣ አብሮ ይናጣል። የቅቤው መጠን በጥቂቱ ሊያንስ ይችላል፤ ያ ግን ከልጅ ጤና አይበልጥም። እርሾው የሚሆነው እርጎም ከፈላ ወተት የተሠራ ይሁን የሚለውን እኔ ጨምሬበታለሁ፤ አለበለዚያ ማፍላቱ ትርጉም የለውም።

መልስ 11 እና 12

አንዲት እናት ለልጅ ቅቤ ገና በተወለደ በቀናት ውስጥ መዋጥ አለበት፣ አንጀት ያለሰልሳል አለች። የጤና ባለሙያዋ ወዲያው መለሰች፤ በዚህ ጊዜ ልስላሴዋ አልነበረም። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንደማያስፈልገው፣ ቅቤ ማዋጥ ትንታና ኢንፌክሽን ሊያመጣ እንደሚችል ጻፈች። ይህ ክር የሚናገረው እንጀራ ስለሚበሉ ልጆች ነውና አራስ ልጅ የያዛችሁ እናቶች እባካችሁ ይህን ለዩ።

መልስ 13

አንድ ሰው ወንዱን ልጄን ከቅሉ እንዳርቀው መከረኝ። ቅቤ መናጥ የሴት ሥራ ነው፣ ነገ ሰው ይስቅበታል የሚል ነው። ምክሩን አልተቀበልኩም።

መልስ 14

የአምባ ጊዮርጊሷ ሴት የልጅ ልጅ ነው የመለሰለት። አያቱ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ቅሉን ለዓመታት የናጠው እሱ ነው፤ ጠዋት ንጦ ከሰዓት ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። የሳቀበት ሰው ካለ አሬራውን ሲጠጣ አልሳቀም አለ። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም አልነበረኝም።

መልስ 15፣ 16 እና 17

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። ስለ ቅቤ ዋጋ ተነሳ፤ ከዋጋው ደግሞ ባዕድ ነገር ስለሚቀላቀልበት ቅቤ። ሙዝ የገባበት ሲቀልጥ ዝቃጩ ከታች ይቀራል ያሉ ነበሩ። ሌላው፣ የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበትን በዓይንና በአፍንጫ ብቻ መለየት አይቻልም፣ ምርመራ ያስፈልገዋል ሲል አረማቸው። 17ኛው ለጸጉር ለጋ ይሻላል ወይስ በሳል ብሎ ጠየቀ፤ እንደ ልማዱ ለጋ ነው የሚል አጭር መልስ አገኘ። ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፦ ልጅ ቅቤ ሲወጣ በዓይኑ ካየ፣ የእውነተኛውን ሽታ በአፍንጫው ይዞ ያድጋል።

መልስ 18

አንዲት ሴት ሁላችንንም ወደ ጉዳያችን መለሰችን። ለካ እዚሁ አዘዞ፣ ከእኔ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው የምትኖረው። የእናቷ የመናጫ ቅል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዳለና ልታውሰኝ እንደምትችል ጻፈች። በማግስቱ ሄጄ ወሰድኩት። አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ጠፍር ከብዙ እጅ የተነሳ ጠቁሮ ያበራል፤ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ በክር ተሰፍቷል፣ ስፌቱም በሰም ተደፍኗል።

መልስ 19

ይህ የእኔ ነው። አራት ሊትር ወተት ላም ካላት ጎረቤታችን ገዛሁ፤ አፈላሁ፣ በእርሾ አረጋሁ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቼ፣ ቅሉን መሐል አድርጌ፣ ልጆቼን ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ቅሉ ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ እሱ፤ ሃያ ሃያ እየተቆጠረ። ትንሹ ከአሥራ ሁለት በኋላ ያሉትን ቁጥሮች በራሱ መንገድ ነው የሚቆጥረው፤ አላረምኩትም። ሲሰለቸው ተነስቶ ዶሮ ሊያባርር ይሄዳል፣ ይመለሳል። በማይኖርበት ጊዜ እኔ እተካለሁ። ልጆቹን ያለ ማስገደዱ በጣም የጠቀመን ይመስለኛል።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሲሆን ልጄ እጇን አንስታ ቅሉን አቆመችው። ድምፁ ተለወጠ አለችኝ። እኔ አልሰማሁም ነበር። ስንጥሯን ስነቅል ጫፏ ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ተለጥፈዋል። ጥቂት ደቂቃ ጨምረን ወደ ሰፊ ሳህን ገለበጥነው፤ አሬራው ላይ ቅቤው ደሴት ደሴት ሆኖ ተንሳፈፈ። በቀዝቃዛ ውሃ ሦስት ጊዜ አሸሁት፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ፤ ትንሹም እጁን ታጥቦ ከጎኔ አንድ እፍኝ አሸ። ጣቶቹ መሐል ሲያመልጠው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ሚዛን ላይ 160 ግራም ሆነ። ለአራት ሊትር ደህና ነው፤ አንድ ኪሎ ለማውጣት ሃያ ሊትርና ከዚያም በላይ እንደሚጠይቅ መምህሩ ነግረውኝ ነበር። ልጄ ይህን ሁሉ ወተት አይታ ቅቤዋ ትንሽ መሆኗ ገረማት። ማክሰኞ ሽሮዋ ላይ ያደረግኩላትን በእንጀራዋ ጠርጋ ጨረሰችው።

መልስ 20 እና 21

አንዱ ቅቤው ለምን ነጣ ብሎ ከለጠፍኩት ፎቶ ተነስቶ ጠየቀ፤ ባዕድ ነገር የገባበት መስሎት ይሆናል። የካናዳዋ እህት ናት የመለሰችለት። ቢጫነቱ ላሟ ከምትበላው ለምለም ሣር የሚመጣ ነው፤ በበጋ ገለባ የምትበላ ላም ቅቤዋ ይነጣል፣ መስከረም ላይ የተናጠ ደግሞ እንደ አደይ ይቢጫል። መልስ 4ን የጻፈው ሰው ቀጥሎ ገብቶ ትክክል ነሽ አላት፤ ቀድሞ ስለተናገራትም ይቅርታ ጠየቃት። ደስ ብሎኛል።

መልስ 22

የቅሉ ባለቤት ነች። አሬራውን ምን እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። ግማሹን ልጆቹ ጠጡት፤ ግማሹን በለስላሳ እሳት አሙቄ አይብ አወጣሁበት፣ አጓቱን ለጎረቤታችን ላም መለስኩ። ቅሉ ሲታጠብ ውስጡ ላይ ሳሙና እንዳይነካው፣ በአፉ ተደፍቶ ጥላ ውስጥ እንዲደርቅ አሳሰበችኝ። እንዳለችው አድርጌ ትናንት አደረስኩላት። ባዶውን አልመለስኩም፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች አንዲት ጉርሻ የምታክል ለጋ ቅቤ ነበረችበት፣ የያዘቻትም ልጄ ናት። ሴትዮዋ ለመስከረም ቅሉ የእናንተ ነው ብላናለች።